በፈረስ ለመጣች ድሃ ግልባጭ አይሰጥም

ሰኔ 28 ቀን 1965 ዓ.ም.
አሰላ

ለክቡር አቶ ይርሳው ሀብተ ማርያም
የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ደህና ነው? ዓይንዎስ? ስለ ወገብዎ መጠየቄ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንድ ወንበር ሳይነሱ መዋል ቀላል ድካም ስላልሆነ ነው፤ ስለ ዓይንዎ መጠየቄ ደግሞ እናቴን በመስኮት አሻግረው አይተው ሀብቷን በአንድ ጊዜ የገመቱበት ያ ዓይን አንድ ነገር ቢሆን የሚጎዳው አገር ስለሆነ ነው። ስለ እኛ ለጠየቁት፣ አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አልጠየቁም እንጂ ቢጠይቁ እንዲህ ነበር የምመልስልዎት።

በአድራሻው ላይ የፍርድ ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ንቄ እንዳይመስልዎት። ስሙን መጻፍ ቴምብር ያስለጥፍ አያስለጥፍ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው።

እኔ ዙቤዳ ቱሳ እባላለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት ለዳይሬክተራችን የማይሆን መልስ መልሼ «አባትሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ደጃፉን እንዳትረግጪ» ስለተባልኩ ነው። አባቴ ደግሞ ወህኒ ቤት ነው። ስለዚህ እሱ እስኪፈታ ድረስ እኔም ነጻ ነኝ፤ ጊዜም አለኝ፤ ብዕርም አለኝ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩበትን ምክንያትም ልንገርዎት። በዚህ በሰኔ ወር ሦስት ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በእጅዎ ሰጥቼዎታለሁ። ሦስቱም እንደታሸጉ ጠረጴዛዎ ጥግ ላይ ተደርድረው አይቻቸዋለሁ፤ በአንደኛው ላይ እንዲያውም የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ነበር። ፖስታ መቅደድ የሚያደክምዎ ቢሆን ነው ብዬ ይኼኛውን ራሴ ከፍቼ አቀረብኩልዎት።

ነገሩን ለማያውቁ ሰዎች ከመጀመሪያው ላስረዳ። እርስዎ ስለሚያውቁት ይዝለሉት፤ መዝለል እንደማይቸግርዎት አይቻለሁ።

አባቴ ቱሳ አብዶ ከጭላሎ ተራራ ሥር የቀኛዝማች ገብረ መድህንን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ባለፈው ኅዳር ቀኛዝማች ትራክተር አስመጡና መሬቱን ልቀቅ አሉት። አባቴም ሰብሌን ሳልወቃ አለቅም ብሎ በሰው ፊት ጮኸባቸው። (መጮህ የተማረው ከእኔ ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ አልክድም።) ታኅሣሥ 11 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቀኛዝማች የስንዴ ክምር ተቃጠለ። ማን አቃጠለው ሲባል፣ የጮኸው ሰው አቃጠለው ተባለ፤ አባቴ ተያዘ።

ምስክር ሆኖ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የቀኛዝማች የአዝመራ ዘበኛ ሀሰኖ ነው። እኔ የዚያን ዕለት በችሎቱ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክቡር ዳኛው «ፊቱን አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁት። ሀሰኖም «ፊቱንስ አላየሁም ጌታዬ፤ ጭጋግ ነበረ። ቡልኮ የለበሰ ሰው ከጀርባው አየሁ፤ ሮጠ» አለ። ዳኛው «ታዲያ ቱሳ መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉት። «ቀኛዝማች ቱሳ ነው አሉኝ» አለ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ብዕሩ ሲደርቅበት «ቆይ፣ ቆይ» እያለ አስደግሞታል። ልብ ይበሉ፣ የእኛ አገር በታኅሣሥ ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ እርስዎም ያውቁታል፤ በዚያ ሰዓት ቡልኮ ያልለበሰ ነገር ቢኖር የተቃጠለው ክምር ብቻ ነው።

ግንቦት 6 ቀን ፍርዱ ሲነበብ ግን «ምስክሩ ተከሳሹን በዓይኑ ማየቱን አረጋግጧል» የሚል ሰማን። ስድስት ዓመት።

አባቴ ይግባኝ ማለት መብቱ እንደሆነ፣ ለዚህም አሥራ አምስት ቀን እንዳለው ዳኛው ነገሩት። ይግባኝ ማለት እንግዲህ እኔ እንደገባኝ፣ አንዱ ዳኛ የሰማውን ሌላ ዳኛ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ያኛው ዳኛ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሀሰኖን አያየውም፣ ድምፁንም አይሰማም፤ የሚሰማው በወረቀት ነው። ወረቀቱ ያለው ደግሞ እርስዎ ዘንድ ነው። የወረቀቱን የሚከፍል ገንዘብ አልነበረንም፤ ግን እዚያው በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ፣ ሦስተኛው መስመር፣ «የተከሳሹ ድህነት በማስረጃ ሲረጋገጥ የመዝገቡ ግልባጭ በነጻ ይሰጣል» የሚል አለ። ከሥሩም ፊርማዎ አለበት። በጣም የሚያምር ፊርማ ነው፤ ጅራቱ ብቻ አንድ መስመር ይፈጃል። እኛም ያንን ፊርማ አምነን መጣን።

ከዚያ በኋላ ስላደረጉልን ሁሉ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አመሰግንዎታለሁ። አቤቱታ ብዬ ብጽፈው ቴምብሩ የታለ ስለሚሉኝ ምስጋና ብዬዋለሁ።

1ኛ/ ግልባጩን በነጻ ስጡኝ ብሎ ለመለመን የሚጻፈው ማመልከቻ ቴምብር ካልተለጠፈበት እንደማይነበብ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። አንድ ሰው መክፈል እንደማይችል ለማስረዳት መጀመሪያ መክፈል አለበት ማለት ነው። ይህን ነገር በተማርኩት ሒሳብ ልፈታው ሞክሬ አልተፈታልኝም፤ ምናልባት ስምንተኛ ክፍል የሚሰጥ ይሆናል። ለማንኛውም እናቴ የምትጥል ዶሮዋን ሸጣ ቴምብሩን ገዛች፤ ዶሮዋም ለፍትሕ የበኩሏን አደረገች።

2ኛ/ ግንቦት 8 ቀን ስለተደረገልን አቀባበል እናመሰግናለን። ከሌላ አገር መጥተው ቢሆን ነው እንጂ የእኛን ወግ ቢያውቁት ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር፤ ስለዚህ ልንገርዎት። በእኛ መንደር ሰው መንግሥት ፊት ሲቀርብ እንዲሁ እንዳለ አይሄድም። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ጋቢ ያውሳል፣ አንዷ ሻሽ ታውሳለች፣ ፈረስ ያለው ፈረሱን ጭኖ ያመጣል። ምክንያቱም አንዱ ቡትቶውን ለብሶ፣ ጭቃውን ተሸክሞ ሹም ፊት ቢቆም የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ ነው። ሹሙም እንደተናቀ ይቆጠራል። እናቴ ፋጡም የጎረቤታችንን የሰኪናን ሻሽ አሥራ፣ የአባ ሁሴኖን ዳማ ፈረስ ከነቀይ ዘርፉ ተቀምጣ፣ አጥቢያ ዳኛው «ምንም ንብረት የላትም» ብሎ የጻፈላትን ማስረጃ በእጇ ይዛ መጣች። እኔ በእግሬ ልጓሙን ይዤ ነበር።

እርስዎ ማስረጃውን ተቀበሉ፤ ግን አላነበቡትም። በመስኮት አሻግረው አዩና «ያ ፈረስ የማነው?» አሉ።

«የሰው ነው ጌታዬ» አለች እናቴ። አማርኛዋ አጭር ነው፤ የምትለው ግን ይገባል።

«የሰው ፈረስ ላይ ምን አወጣሽ?»

«እርስዎን ላክብር ብዬ።»

ሳቁ። እናቴም የሳቁት ደስ ብሏቸው ነው ብላ አብራ ሳቀች። ከዚያ የማስረጃውን ወረቀት ገለበጡና በቀይ ቀለም «አመልካች በፈረስ የምትሄድ ስለሆነች ድሃ አይደለችም፤ በነጻ አይሰጥም» ብለው ጻፉበት። ወጥተን እኔ ሳነብላት ነው ለምን እንደሳቁ የገባት። እስከ ቤት ድረስ አልተቀመጠችበትም፤ ፈረሱን እየጎተትን በእግራችን ተመለስን።

3ኛ/ «እንግዲያው የፈረሱን ባለቤት አምጡና ይመስክር» ብለው ሁለተኛ ዕድል ስለሰጡን እናመሰግናለን። ግንቦት 13 ቀን አባ ሁሴኖ ራሳቸው መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ስለዚህ የመጡት በምን ይመስልዎታል? በዚያው ፈረስ ነው። «አንተ ነህ ባለ ፈረሱ?» አሏቸው። ሽበታም ጺማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ሽማግሌን አንተ ማለትዎ ወጣት መስለው ስለታዩዎት ይሆናል ብዬ ለእሳቸው ደስ ብሎኛል።

እሳቸውም «አዎ፣ የእኔ ነው፤ አውሻት ነው» አሉ።

«ዘመዷ ነህ?»

«ጎረቤት ነኝ።»

«ለጎረቤቱ ፈረስ የሚያውስ ሰው ለጎረቤቱ የግልባጭ ዋጋ ቢከፍል ምን ይለዋል?» አሉና ዞር አሉ።

አባ ሁሴኖ «ፈረሱ ሲመለስልኝ ፈረስ ነው፤ ገንዘቡ ሲመለስ ምን ሆኖ ይመጣል? ከየትስ ይመጣል?» አሉ። ይህን ግን የሰሙት አልመሰለኝም፤ ቀጣዩን ሰው ጠርተው ነበር።

4ኛ/ ግንቦት 17 ቀን እናቴ በእርስዎ ምክር መሠረት ያላትን ብቻ ለብሳ፣ አራት ሰዓት መንገድ በእግሯ፣ ያውም በዝናብ መጣች። እንዴት እንደመጣች ቢያዩ ኖሮ ልብዎ ይረካ ነበር፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ግን አላዩም፤ ምክንያቱም በር ላይ ያለው ዘበኛዎ «እንዲህ ሆነሽማ ችሎት ግቢ አትገቢም፤ ታጥበሽ፣ ሰው መስለሽ ነይ» ብሎ መለሳት።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎት በዚያ ሰሌዳ ላይ አንድ አራተኛ መስመር እንዲጨምሩልን ነው። ድሃ በምን ይምጣ? በፈረስ ከመጣ ሀብታም ነው፤ በእግሩ ከመጣ ቆሻሻ ነው። በአህያ ቢመጣስ? ወይስ እንደ ከተማ ሰው በጋሪ? በጋሪ ከሆነ ከባለጋሪው ጎን ነው ወይስ ከጭነቱ ጋር መቀመጥ ያለበት? እዚህ ላይ መመሪያ ያስፈልገናል። ድሃ ሆነን ሳለ እንዴት ድሃ መሆን እንዳለብን ባለማወቃችን ብቻ መብታችን እያመለጠን ነው።

5ኛ/ ግንቦት 18 ቀን ደግሞ እኔ ብቻዬን ስመጣ «ለመሆኑ ድሃው ማነው? የታሰረው አይደለም እንዴ? እሱ ራሱ እፊቴ ቀርቦ ይፈርም» አሉ። ትክክል ነው። ሮጬ ወህኒ ቤት ሄድኩ። እነሱ ደግሞ «እስረኛ የምናወጣው ሬጅስትራሩ በደብዳቤ ሲጠይቁን ነው» አሉኝ። ሮጬ ተመለስኩ። እርስዎም «ደብዳቤ የምጽፈው ማመልከቻው ላይ ሲፈርም ነው» አሉኝ። አባቴ መጻፍ አይችልም፤ ፊርማው አውራ ጣቱ ነው፤ አውራ ጣቱም ከቀረው አካሉ ጋር አብሮ ታስሯል። በሁለቱ በሮች መካከል ሦስት ቀን ስመላለስ አንድም ሰው አልሰደብኩም። ይህ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዳይሬክተራችንን ይጠይቁ።

ግንቦት 22 ቀን ጠዋት ገና በሩ ላይ ሲያዩን «የይግባኙ ቀን ትናንት አለፈ» አሉን። በዚያች ቀን ብቻ ወረፋ ሳንጠብቅ ተስተናግደናል፤ ለዚህም እናመሰግናለን። በዚያው ሳምንት የቀኛዝማች ትራክተር ቤታችን ደጃፍ ድረስ አረሰው። እናቴ የዘራችው ጎመን እንኳ አልቀረም።

6ኛ/ ይህን የመጨረሻውን ልተወው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። አባ ሁሴኖ ስለ ፈረሱ ሲመሰክሩ እኔ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። የመሥሪያ ቤትዎ ታይፒስት አንድ ረጅም ነገር መትታ ጨረሰችና ከጽሕፈት መኪናው ላይ አወጣችው። ሦስት ሦስት ወረቀት ነበር፤ አንዱ ወፍራም፣ ሁለቱ ስስ፣ በመካከላቸው ካርቦን። ከላይ «ዐቃቤ ሕግና ቱሳ አብዶ» ይላል፤ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ማንበብ ተምሬያለሁ። ወፍራሙን ለቀኛዝማች ገብረ መድህን አሽከር ሰጡት፤ ቀኛዝማች ለተቃጠለው ስንዴ ካሣ ሊከሱን ስለሆነ ከፍለው ያዘዙት ነው፤ ባዘዙ በሁለተኛው ቀን ደረሰላቸው። አንደኛውን ስስ ከመዝገቡ ጋር አያያዙት። ሁለተኛውን ስስ እርስዎ ራስዎ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። «ጋሼ፣ እሱ ለምንድነው?» ብዬ በመስኮቱ ጠየቅኩዎት። «ለመጠባበቂያ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ያ ወረቀት ተመቷል። ወረቀቱም ወጥቷል፣ ቀለሙም ወጥቷል፣ ድካሙም አልቋል፤ ዋጋውንም ቀኛዝማች ከፍለዋል። የቀረው ነገር ቢኖር የእርስዎ እጅ ከመሳቢያው እስከ መስኮቱ ድረስ የምትሄደው መንገድ ነው፤ አንድ ክንድ አይሞላም። እናቴ ለዚያ ወረቀት ስምንት ሰዓት ደርሶ መልስ ስትሄድ ያቺ እጅ አንድ ክንድ መሄድ አቃታት። ስድስት ዓመት የተፈረደበት ሰው እያለ መሳቢያው የሚጠባበቀው ማንን ነው? ወላሂ፣ ይህን ሳስብ የምጽፍበት ወረቀት ይቀደድብኛል፤ ይኼኛው ሁለተኛው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥን እንዳይመስልዎት።

በፈረሳቸው የናቋቸው አባ ሁሴኖ በእኛ አገር ምን እንደሆኑ ላስተዋውቅዎት። በመንደራችን ሽማግሌዎች ጠብ ሲዳኙ ጸሐፊ የለም፤ አባ ሁሴኖ አሉ። ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ወገን «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ካለ እሳቸው ይጠራሉ፤ ከማን ቀጥሎ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወርዱታል። አንዲት ቃል ጨመሩ ወይም አስቀሩ ከተባለ ዳግመኛ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጡም። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ኖረዋል፤ አሁንም ይቀመጣሉ። የአባቴ ነገር ሲሰማም ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍርዱ ድረስ ከእኔ አጠገብ፣ በኋላው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ተኝተው መስሎዎት «ያን ሽማግሌ ቀስቅሱት» ያሉት እሳቸውን ነው። ዓይናቸውን የጨፈኑት እየሰሙ ስለነበር ነው።

ቀኑ አልፏል በተባልን ማግስት ደብተሬን ይዤ ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ዳኛው መስኮት አስዘግተው እንደነበር፣ ጸሐፊው የት ላይ «ቆይ» እንዳለ፣ ሀሰኖ ስንት ጊዜ እንደሳለ ሳይቀር ነገሩኝ። ሳሉን ልጻፈው ወይ ብላቸው «ስሏል አይደል? ጻፊው» አሉኝ። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። አንብቢልኝ ሲሉኝ ግን የአባቴ ቃል ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ትንሽ አሳምሬው ነበር፤ ስለ ጭሰኛ መብት አንድ ጥሩ ነገር ጨምሬበት ነበር።

«ይህን ቱሳ አላለም» አሉ።

«ማለት ነበረበት እኮ አባ።»

«አባትሽ እንዲህ መናገር ቢችል ኖሮ መች ይታሰር ነበር? ያላለውን አውጪው። ‹እኔ አላቃጠልኩም፤ ላሜ ወልዳ ነበር፤ ከእሷ ጋር ነበርኩ› ነው ያለው። ይኸው ይበቃዋል።»

ተናድጄ ሰረዝኩት። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ከተጻፈው ይልቅ እኔ ከደብተሬ ላይ የሰረዝኩት ሳይበልጥ አይቀርም።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። አባ ሁሴኖ «የተናገረው ሰው ሳይሰማው ቃል አይጸናም፤ ሄደሽ ለሀሰኖ አንብቢለት» አሉኝ። ሀሰኖ የቀኛዝማች እንጀራ የሚበላ ሰው ነው፤ በዱላው ያባርረኛል ብዬ ከሩቅ ቆሜ፣ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቆሞ ሰማ። ሳሉ ላይ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ። ስጨርስ «እንደዚሁ ነው ያልኩት። ፊቱን አላየሁም ብያለሁ፤ ዳኛውም ሰምቶኛል። እዚያ ምን ብለው እንደጻፉ እኔ አላውቅም፤ እኔ ግን አላየሁም» አለ። ቀለም የሚቀባበት ነገር ስላልነበረን የብዕሬን ቀለም አውራ ጣቱ ላይ አፈሰስኩት፤ በአሥራ አንዱም ገጽ ላይ ተራ በተራ አሳረፈ። አንድም ማስረጃ፣ አንድም ቴምብር፣ አንድም ደብዳቤ አልጠየቀኝም። መጻፍ የማይችል ዘበኛ የእርስዎን ሥራ በግማሽ ሰዓት ሠርቶልኝ በጎቹን ከማሳው ሊያባርር ሄደ።

አሥራ አንዱን ገጽ፣ ቀኑ እንዴት እንዳለፈ ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር፣ በአደራ ደብዳቤ አዲስ አበባ ላለው ይግባኝ ሰሚ ላክነው። ይስቁብናል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ሰኔ 20 ቀን የተጻፈ ትዕዛዝ መጣ፤ የሽማግሌው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ነገር ግን ከመዝገቡ ጋር እንዲመሳከር ዋናው መዝገብ እስከ ሐምሌ 10 ቀን ተልኮ እንዲቀርብ፣ እስከዚያ ካልደረሰ ግን አቤቱታው እንደሚዘጋ ይላል። የተጻፈው ለእርስዎ ነው፤ መቀበልዎን ፖስታ ቤት የፈረሙበት ደብተር ይመሰክራል፤ ያቺን ረጅም ጅራት የማያውቅ የለም። ለእናቴም ግልባጭ ልከውላታል። በምን መጣሽ ብለው ሳይጠይቋት በነጻ።

ዛሬ ሰኔ 28 ነው። መዝገቡ እስካሁን አልተላከም፤ አውቶቡሱ በየቀኑ ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የአባቴ መዝገብ ግን ቦታ አላገኘም። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። አባቴ ስድስት ዓመት ይቀመጥ ወይም ወደ እናቴ ይመለስ የሚለው ነገር አሁን በዚህች አሥራ ሁለት ቀን ላይ ነው። ስለዚህ በአክብሮት የምለው ይህን ነው፤ ይላኩት። ከመላክዎ በፊት ሻይ ቢፈስበት፣ አንዱን ገጽ አይጥ ቢበላው፣ ወይም ሀሰኖ «አላየሁም» ያለበት መስመር ላይ ቀለም ቢንጠባጠብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ያሉት ዳኛ ያ መስመር ምን እንደሚል አስቀድመው አንብበውታል። ሌላው ቦታ ዋናው ይቀድምና ግልባጩ ይከተላል፤ እርስዎ ግን እጅግ ስለቆዩ የእኛው ግልባጭ ቀድሞ ገብቷል። አሁን የሚጠበቀው ዋናው ነው።

ይህን በመጻፌ ሊያስሩኝ ቢያስቡም አልቀየምም። አባቴ ዘንድ ቦታ አለ ይላሉ፤ ዳይሬክተራችንም አባትሽን አገኘሽ ወይ ብሎ ቢጠይቅ አገኘሁ እለዋለሁ።

ለትዕግሥትዎ ርዝመት፣ ለመሳቢያዎ ጥልቀት፣ ለቀይ ቀለምዎ ድምቀት እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ ከሥርዎ እንዳይጠፋ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ወደ ደጅዎ የሚመጣ ድሃ ሁሉ አለባበሱ ለዓይንዎ የሚስማማ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣

በትሕትና ልክ የማይገኝልኝ አክባሪዎ
ዙቤዳ ቱሳ

ግልባጭ (ሁሉም በእጅ የተጻፈ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለቀ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት)፦

ለፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከውጭ በኩል፤
ለወፍጮ ቤቱ በር፣ ወረፋ ሲጠብቁ እንዲያነቡት፤
ለአውቶቡስ ማቆሚያው፤
ለቀኛዝማች ገብረ መድህን፣ ወረቀት መሰብሰብ ስለሚወዱ፤
ለአቶ ቱሳ አብዶ፣ ወህኒ ቤት። የሚያነብለት ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብለት ደስ ይለኛል።

ማስታወሻ፦ ሀሰኖ አውራ ጣቱን በማሳረፉ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከሥራ ተባሯል፤ ይህንንም እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ጠንካራ ሰው ነው፤ አሥር ዓመት ሲጠብቅ አንድም ነዶ አልሰረቀም። መሥሪያ ቤትዎ ዘበኛ የሚፈልግ ከሆነ ላስተዋውቅዎት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ያየውን አየሁ፣ ያላየውን አላየሁም የሚል አመል ስላለበት ከእናንተ ጋር አንድ ቀን የሚውል አልመሰለኝም።